የታረሰው ቀለበት

የመሬት መብሻው ማሽን ከነጎማው ነዶ፣ የጠቆረ አጽሙ ብቻ በወይዘሮ ኢርማ ክላሰን ማሳ ላይ ተገትሯል። ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ዝናብ ካየ የሰነበተው የበቆሎ አገዳ በዚያ የምዕራብ ነፋስ እንደ ጭድ ተያይዞ፣ እስከ ወንዙ ያለውን አገር መጥረግ ነበረበት። አልጠረገም። በማሽኑ ዙሪያ በዲስክ ማረሻ የተገለበጠ ሰፊ የጥቁር አፈር ቀለበት ነበረ፤ እሳቱ እስከ ቀለበቱ ዳር ተንፏቆ ደርሶ፣ የሚበላው ሲያጣ በዚያው ከስሟል።

የሸሪፉ ቢሮ ብቸኛ መርማሪ ማርቪን ሄግዳል ኮፍያውን ወደ ማጅራቱ ገፋ አድርጎ ፍርስራሹን ዞረው። ከሞተሩ ሥር ቤንዚን የጠጣ የጆንያ ቁራጭ ሳይቃጠል ተርፎ አገኘ። የሰው እጅ ሥራ ነበር።

ነገሩን በወረዳው የማያውቀው የለም። አንድ ኩባንያ ከበቆሎ ነዳጅ ከሚሠሩት የኢታኖል ፋብሪካዎች የሚወጣውን የካርቦን ጋዝ ጨምቆ፣ በቧንቧ ወደ ሰሜን ወስዶ ከምድር በታች ሊቀብረው ያስባል። ቧንቧው የሚያልፈው በገበሬዎች ማሳ ነው። ወይዘሮ ኢርማ አልፈርምም አሉ። እሳቸውን አይተው ሌሎች አንፈርምም አሉ፤ ከዚያም በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። ሕግ የሚባል ነገር ከትራክተር ዋስትና በቀር አንብበው የማያውቁ ሰዎች፣ በክረምቱ ረጅም ምሽቶች የክልሉን የመሬት ሕግ እንደ ዳዊት ደገሙት። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኩባንያው አፈሩን እየበሳ እንዲመረምር በተፈቀደለት ቀን፣ ወይዘሮ ኢርማ በሩን በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ ለሠራተኞቹ መጸዳጃው የት እንዳለ አሳዩ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ፊርማ ግን ፊርማ ነው አሉ።

አሁን ያ ማሽን ዐመድ ሆኗል።

ገበሬዎቹን እየዞረ የሚያስፈርመው የኩባንያው የመሬት አግባቢ ፊሊፕ ኬን ጭቃ ያልነካው ቦት ጫማ አድርጎ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። መርማሪውን ጠርቶ የማሳውን በር አሳየው። በበሩ ሰንሰለት ላይ ሁለት ጓጉንቸር ቁልፎች ተንጠልጥለዋል።

«አንዱ የኛ ነው፣ አንዱ የሷ። ሰንሰለቱ አልተነካም። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያሻል?»

«በዚህ በር የምትገቡት እናንተ ብቻ ናችሁ» አለው ሄግዳል።

እውነቱን ነበር። በዚያ አገር ማሳን ከማሳ የሚለየው የሣር ጥርጊያ ነው፤ ትራክተር ያለው ሰው ከጎረቤቱ መሬት ተሻግሮ ይገባል። በር የሚያስፈልገው እንግዳ ነው።

የኩባንያው ዘበኛ ለቁርስ ወደ ከተማ ሄዶ እንደነበር ተናገረ። የካፌዋ አስተናጋጅ አልረሳችውም፤ እንቁላሉ አልበሰለም ብሎ መልሶባታል። ኩባንያው ለመካሰስ ሲል የገዛ ማሽኑን አቃጥሎ ይሆናል የሚለው የመንደር ወሬ በዚያ እንቁላል ላይ ከሸፈ።

የቀሩት ጎረቤቶቹ ነበሩ። ጎረቤቶቹ ደግሞ፣ አንድም ሳይቀር፣ በዚያ ረፋድ አንድ ቦታ ነበሩ።

በቆሎው የደረሰበት ገበሬ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ የአካባቢው ሰው የየራሱን አዝመራ ትቶ፣ ኮምባይነሩን እየነዳ ወደ በሽተኛው ማሳ ይተማል። ውለታውም አይነገርም። በእኛ ቋንቋ ደቦ ብንለው ያስኬዳል። የዚያ ቅዳሜ ደቦ ለዋልዶ ፕሬስለር ነበር፤ ካንሰሩ ከቆሽቱ ወደ ጉበቱ ተሻግሯል፣ ከበጋው ወዲህም አልጋ ላይ ውሏል። ማሳው ከወይዘሮ ኢርማ ማሳ በሣር ጥርጊያ ብቻ ይዋሰናል። መካከሉ ላይ ያለው ጉብታ አንዱን ከሌላው ይጋርደዋል።

ግን ዋልዶ ፈራሚ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ሁሉ ቀድሞ ቧንቧው በማሳው እንዲያልፍ የፈረመው እሱ ነው። ከፈረመ ወዲህ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ በቤተ ክርስቲያን ግን እሱና ሚስቱ ቬርና የሚቀመጡበት ወንበር ግራና ቀኙ ባዶ ይሆን ጀመር። ሕመሙ ሲሰማ ስልክ እየደወሉ ደቦውን የጠሩት ወይዘሮ ኢርማ ናቸው። ቶድ ሩስታድ የተባለው ወጣት ገበሬ «ለፈራሚ ነው የምናጭደው?» ቢላቸው፣ የመለሱለትን አገር ሁሉ ይደጋግመዋል።

«በቆሎው አልፈረመም» ነበር ያሉት።

ሄግዳል መጀመሪያ የሄደው ወደ ዋልዶ ቤት ነው። ባለ ቤቱ በወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ቬርና ሬዲዮኑን ዘግታዋለች፣ ጋዜጣውንም ደብቃለች፤ ወሬ ያደክመዋል ብላ መርማሪውን በር ላይ አስጠንቅቃው ነበር። ሄግዳል ቃሏን ጠበቀና ማን ተጠርጥሯል የሚለውን አላነሣም። ማን ማሳው ላይ እንደነበረ ብቻ ጠየቀው። ዋልዶ እያንዳንዱን በስም ጠራ፤ ይሄ በምዕራቡ በኩል፣ ያ እህል በሚገለብጥበት መኪና ላይ፣ ቶድ ደግሞ በትልቁ ኮምባይነር። ሁሉም ጭሱ እስከታየበት ሰዓት ድረስ ከዓይኑ አልራቁም። የረጋ፣ የማያሻማ ምስክርነት ነበር።

መርማሪው ሊወጣ ሲል ዋልዶ አንድ ነገር ጠየቀው።

«የኢርማ በቆሎስ?»

«አንድ አገዳ አልተነካም።»

ዋልዶ ዓይኑን ጨፈነ። ሄግዳል የበሽተኛ ድካም መሰለው።

ቶድን ያገኘው በጋራዡ፣ ኮምባይነር ሥር ተኝቶ ነው። ቶድ ባለፈው ሳምንት በካፌው ውስጥ፣ ያን ማሽን ቁርጥራጭ ብረት አድርጌ ለቆራሌው እሸጠዋለሁ ብሎ እንደፎከረ የሰማ ብዙ ነው።

«አልኩ» አለ ቶድ፣ ከማሽኑ ሥር ሳይወጣ። «ማለት ወንጀል ከሆነ ግማሹን ወረዳ ማሰር አለብህ። ያንተን ሚስት ጨምረህ።»

«ሚስቴን ለኔ ተዋት። የት ነበርክ?»

ቶድ ተነሥቶ እጁን ጠረገና ወደ መንጃው ክፍል አወጣው። እነዚያ አዳዲስ ኮምባይነሮች የሚያጭዱትን እርምጃ በእርምጃ በካርታ ይመዘግባሉ። በስክሪኑ ላይ የዋልዶ ማሳ ተዘርግቷል፤ የቶድ መሥመር ከጠዋት ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተመላለሰ፣ ጭሱ በታየበት ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሐሰት የማይናገር ምስክር ነበር።

«እሳቱን በቀለበት ያጠርከው አንተ ነህ ይላሉ» አለው ሄግዳል። «ሰው ሁሉ ያመሰግንሃል።»

የቶድ ፊት ቀላ። «ሰው ብዙ ይላል» ብሎ ተመልሶ ከማሽኑ ሥር ገባ።

በዚያ አገር ሰው ሲመሰገን መሬት ትዋጠኝ ይላል፤ ሰው ከጎርፍ ያዳነ እንኳ «እዚያው አካባቢ ነበርኩ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሄግዳል በዚያ መልስ አልተገረመም። የኋላ ኋላ ራሱን የወቀሰው በዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የከበደው ከወይዘሮ ኢርማ ጋር መነጋገሩ ነበር። በልጅነቱ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወደ ሰባዎቹ የገቡ፣ ትከሻቸው እንደ ወንድ የሰፋ፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ወደ ደቦው የሚሄድ የድንችና የተፈጨ ሥጋ ትሪ ከምድጃ እያወጡ ሳለ ጭሱን በመስኮት እንዳዩ ነገሩት። ማን አየዎት? ማንም። ማን ደወለልዎት? ማንም።

«ትሪው ይመሰክርልኝ እንደሆነ ጠይቀው» አሉት።

«ወይዘሮ ክላሰን፣ ቀልድ አይደለም። ኬን ትእዛዝ ጥሳለች እያለ ነው። ዐቃቤ ሕጉም አዘንብሏል። ማክሰኞ ቀትር ላይ እንድይዝዎት ተነግሮኛል።»

ወይዘሮ ኢርማ ፎጣውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ማክሰኞ ማታ የወረዳው ምክር ቤት ቧንቧው ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል ይራቅ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ለዚያ ምሽት ሁለት ክረምት ሠርተዋል። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑት እሳቸው በቃጠሎ ወንጀል ታስረው ከዋሉ፣ ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት ደፍሮ ከጎናቸው የሚቆም አይኖርም፤ የባላቸው መቃብር ያለበት ያ ማሳም ለቦይ ይከፈታል።

«ለሰዎቹ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። «ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ተቀመጡ፣ አንድ ጠጠር እንዳትወረውሩ ብያለሁ። ከኛ ሰው ከሆነ፣ ማርቪን፣ በጆሮው ጎትቼ አመጣልሃለሁ። ግን ካልሆነ ደግሞ እንዲሁ የፈራሁ መስዬ ከቤቴ አልሸሽም። ማክሰኞ ናና ውሰደኝ።»

ሄግዳል ከዚያ ቤት ሲወጣ፣ ሕግ አስከባሪ በሆነበት ዘመን ሁሉ ሕግን እንደዚህች ሴት የወደደ ሰው አላየሁም ብሎ አሰበ። እሳቸው የወደዱት ሕግ ግን እሳቸውን እንዲወድ ማንም አላዘዘውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ወደ ማሳው ሄደ። ለምን እንደሄደ ለራሱም ግልጽ አልነበረም። ምርመራ አንዳንዴ ጸሎት ይመስላል፤ የሚናገረው ያጣ ሰው ሄዶ ይንበረከካል። በቀለበቱ ዳር ተንበረከከና አፈሩን በቢላው ገለጠው።

የተገለበጠው አገዳ ከአፈሩ ሥር ነጭ ነበር፤ እሳት ያላየ፣ ጭስ ያልነካው ነጭ። ጥላሸቱ ያረፈው ከላይ ነው። ከማሽኑ የቀለጠ ፕላስቲክም ተፈናጥሮ በታረሰው አፈር ላይ ጠብ ብሎ ደርቋል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ውስጠኛው ትልም ሄደ፤ ትልሙ ከማሽኑ በክንድ ርቀት ያልፋል። ያን ማሽን ሲነድ ያዩት ሁሉ ወላፈኑ ፊት የሚገርፍ እንደነበረ ተናግረዋል። በዚያ ነበልባል አጠገብ ነዳጅ የጫነ ትራክተር የሚነዳ ሰው አልተወለደም።

ቀለበቱ ከእሳቱ በፊት ታርሷል።

ሄግዳል ቢላውን አጠፈ። ለእሳት መከላከያ የመሰለው ነገር የእሳቱ መጀመሪያ ነበር። አንድ ሰው ማሽኑን ለማቃጠል መጥቶ፣ አስቀድሞ የጎረቤቱን በቆሎ ከእሳቱ አድኗል። ከከተማ የመጣ ወንጀለኛ ቢሆን ክብሪቱን ጭሮ በሮጠ ነበር። ለዚህ ሰው ግን ደረቅ ማሳ አጠገብ እሳት ሲለኩሱ ዙሪያውን ማረስ፣ ጫማን በር ላይ እንደማውለቅ ያለ ነገር ነው፤ ሳያስበው ያደርገዋል። በጥላቻው ተሰውሮ ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ ያጋለጠው ርኅራኄው ነው።

ቶድን በጓሮው፣ ከእህል ጎተራው ሥር አገኘው። ወሬ አላበዛም።

«ቀለበቱን አንተ አላረስክም።»

ቶድ ፊቱን ወደ ጎተራው አዞረ።

«ስትደርስ ታርሶ ነበር። ማን እንደሆነ ባታውቅም ገበሬ መሆኑን ገባህ። ወይዘሮ ኢርማ ናቸው ብለህ ፈራህ። ሰው ሲያመሰግንህ አንገትህን ደፍተህ ዝም ያልከው ለዚህ ነው።»

«እሷን ሊወስዷት ነው?»

«ነገ።»

ቶድ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ዋልዶ በመገናኛ ሬዲዮ «ጭስ!» ብሎ ሲጣራ ከኮምባይነሩ ዘሎ ወርዶ፣ ዲስኩ የተቀጠለበትን ትራክተር ነድቶ ጉብታውን ተሻገረ። በደረቅ ዓመት እንዲያ ያለ ትራክተር ከማሳው ዳር ይቆማል፤ ኮምባይነር እሳት ቢተፋ ፈጥኖ ዙሪያውን ለማረስ። ሲደርስ ግን የሚታረስ አልነበረም። ወርዶ ቢያይ ዲስኮቹ እርጥብ አፈር ተለጥፎባቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም የተባለ ማረሻ።

«ከአንተ በፊት ትራክተሩ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም። ማለት... ዋልዶ ነዋ። ምስኪን፣ እናንተ ስትሠሩ እኔ ቤት አልተኛም፣ ቢያንስ እሳት ልጠብቅ አለና ደግፈን አወጣነው። ሥራ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ—»

ቶድ እዚያ ላይ አፉን ያዘ።

ሄግዳል መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። የዚያን ረፋድ የሁሉንም ሰው ውሎ የተቀበለው ከአንድ አፍ ነው። ይህ በዚያ ነበር፣ ያ በዚህ ነበር፤ ምስክሩ ታማሚ፣ የተከበረ፣ ደግሞም ባለ ማሳው። ምስክሩ ራሱ የት እንደነበረ ለመጠየቅ ግን ያሰበ አልነበረም። ኮምባይነሮቹ በምዕራቡ በኩል ሲሆኑ፣ ከጉብታው ወዲያ ማንም አያይም።

ማክሰኞ ጠዋት ሄግዳል የፕሬስለርን በር ሲያንኳኳ ቬርና በሰንሰለቱ ክፍተት አየችውና፣ ዛሬ አይችልም፣ ሌሊቱን አልተኛም አለችው። ከውስጥ የዋልዶ ድምፅ መጣ።

«አስገቢው።»

ሄግዳል ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። አንድ ጥያቄ ብቻ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ሰውየውን ሲያየው ግን ጥያቄውን ተወው። ከባለ ብርድ ልብሱ ትይዩ ተቀመጠና፣ ዛሬ ቀትር ላይ ወይዘሮ ኢርማን እንዲያስር እንደታዘዘ ነገረው።

ዋልዶ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አልነገርሽኝም።»

«ዶክተሩ ነው እንዳትነግሪው ያለኝ» አለች ቬርና። «ደግሞ አንተን ምን አገባህ?»

«ጫማዬን አምጪልኝ።»

«ዋልዶ፣ ውጭው ብርድ ነው—»

«ጫማዬንም፣ ካፖርቴንም።»

ቬርና ባሏን አየችው፤ መርማሪውን አየችው። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ጫማውን አመጣች፣ ተንበርክካም ክሩን አሰረችለት። ልከተልህ ስትለው እንድትቀር ለመናት።

በመኪናው ውስጥ ዋልዶ የሚናገረው ትንፋሹ በፈቀደለት መጠን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በጸደይ፣ ስብሰባው ገና ሳይጀመር፣ ኬን ወጥ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ጎረቤቶችህ በሙሉ ፈርመዋል፣ የቀረኸው አንተ ነህ፣ አንተን ብቻ ስንጠብቅ ነው አለው። ሰዎቹን ማስቸገር አይገባኝም ብሎ ፈረመ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነው የመጀመሪያው መሆኑን ያወቀው።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ተሞኘሁ ብዬ?» ዋልዶ በመስኮቱ ወደ ታጨደው ማሳ አየ። «ቅዳሜ ዕለት በዚያ ጉብታ ላይ ኮምባይነሮቹ ተሰልፈው ሲመጡ አየሁ፣ ማርቪን። መብራታቸውን አብርተው። አንዱ እንኳ ቢሰድበኝ፣ አንዱ ወርዶ 'ዋልዶ፣ ምን ነካህ?' ቢለኝ፣ ምንም አላደርግም ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ቶድ የመቀመጫውን ትራስ አስተካከለልኝ። እነሱ የኔን ያጭዳሉ፤ እኔ ያስገባሁት ማሽን ከጉብታው ወዲያ የኢርማን መሬት ይበሳል። መቀመጥ አቃተኝ።»

«ክሱ እሳቸው ላይ እንደሚወድቅ አላሰብክም?»

«በቆሎዋን ነበር ያሰብኩት» አለ ዋልዶ። «ሌላው አልታየኝም።»

ወይዘሮ ኢርማ በረንዳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ሻንጣ በእጃቸው ይዘዋል፤ ካቴናውን ለማቅለል ይመስል ሰዓታቸውን አውልቀዋል። መኪናው ሲቆም ፊት ለፊት ከመርማሪው ጎን የተቀመጠውን ሰው አዩ። ሄግዳል ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙት፤ ዋልዶን እዚያ ተቀምጦ ሲያዩ ሁሉ ገብቷቸዋል።

ወደ መስኮቱ ቀርበው ጎንበስ አሉ።

«መፈረምህን ይቅር ብዬህ ነበር» አሉ። «አልጠየቅከኝም እንጂ።»

«ዛሬ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ዛሬማ ሒሳቡን አብዝተኸዋል።» ድምፃቸው የቁጣ ነበር። «ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ክብሪት ሳንጭር ቆመን፣ አንተ በአንድ ጠዋት የሚፈልጉትን ሰጠሃቸው። ዛሬ ማታ ምክር ቤቱ ፊት ኬን ይሄን ከመናገሩ በፊት እኔ እናገረዋለሁ። ስምህን ጠርቼ፣ ከኛ ሰው ነው ብዬ።»

«ከናንተ ሰው?» አለ ዋልዶ።

«ከማን ልትሆን ፈለግህ?»

ወይዘሮ ኢርማ ቀና ብለው ወደ ማሳቸው አዩ፤ ጥቁሩ ቀለበት ከሩቅ ይታያል፣ ከቀለበቱ ወዲህ በቆሎው በነፋሱ ይንሿሿል። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ሻንጣቸውን ወረወሩና ገቡ።

ሄግዳል በመስታወቱ አያቸው። «ወይዘሮ ክላሰን፣ እርስዎ ላይ ምንም ክስ የለም። ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ እደውላለሁ፣ ነፃ ነዎት።»

«አውቃለሁ። እዚያ ሸሪፉ ቢሮ የብረት ወንበር ላይ ብቻውን ሊቀመጥ ነው? እስከ ማታ ጊዜ አለኝ።» በሩን ዘጉት። «ዋልዶ፣ ወንበርህን ወደ ፊት ሳብ አድርገው፤ ጉልበቴ አልገባም።»

ዋልዶ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት በዳሰሳ ፈልጎ አገኘውና፣ እያቃሰተ ወደ ፊት ሳበው።